የላይ ሰፈር ጉድጓድ፣ የታች መንደር ምንጭ

ሰው ቤት ሊሠራ ሲነሳ የማያስበው ነገር የለም። ብሎኬቱን ያስባል፣ ቆርቆሮውን ያስባል፣ የበሩን ቀለም ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ ተታርቆ ይመርጣል፣ ሳሎኑ ፀሐይ በየት በኩል እንደሚገባው ለግንበኛው እስኪሰለቸው ድረስ ያስረዳል። ውሃውስ ሲባል «ውሃማ ይመጣል» ይላል። ከየት እንደሚመጣ አይጠይቅም። እናንተም ብላችሁታል፤ አትካዱ። እኔ ራሴ የከርሰ ምድርን ውሃ በሰማያዊ ጠመኔ እየሳልኩ ዕድሜዬን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ቤቴን ስሠራ ግን እንደ ማንም «ውሃማ ይመጣል» ብዬ መሠረት አስወጣሁ።

ይህን ስል ላማርር የተነሳሁ እንዳይመስላችሁ። ዛሬ የተነሳሁት ልኮራ ነው። ስለ ራሱ የሚኮራ ሰው ያስጠላል፤ ስለ ሰፈሩ የሚኮራ ግን አገሩን ወዳድ ይባላል። እኔም በዚህች ቀዳዳ ሾልኬ ስለ ሰፈሬ ላወራችሁ ነው።

ሰፈራችን ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ኮረብታ ተደግፎ የተቀመጠ አዲስ መንደር ነው። ትናንት ማሽላ ይበቅልበት የነበረው መሬት ዛሬ ቤት ይበቅልበታል። ፋብሪካውና ደረቅ ወደቡ ሰው ይጠራሉ፣ ሰው ቤት ይጠራል፣ ቤት ደግሞ ውሃ ይጠራል። ሲጠሩት ቶሎ የማይሰማው ውሃ ብቻ ነው። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፤ ሆጤ ተወልጄ ጉም ውስጥ ያደግሁ። ጉልበቴ ብርዱን አልችልም ስላለኝ ጡረታ ስወጣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ እዚህ ሰፈርኩ። ደሴ ያሉት ዘመዶቼ «ያንን ሙቀት እንዴት ቻልከው?» ይሉኛል፤ እዚህ ያሉት ጎረቤቶቼ ደግሞ ካፖርቴን እያዩ ይስቃሉ።

ስለ ውሃችን ልንገራችሁ። የከተማው መስመር በፈረቃ ይመጣል፤ ፈረቃው ደግሞ እንደ ክፉ አማት መምጫውን አያሳውቅም። ከኮረብታው በክረምት ደንፍቶ የሚወርድ፣ በበጋ «ነበር» የሚባል ጅረት አለ። ከኛ ዝቅ ብሎ ከኮረብታው ግርጌ ምንጭ አለ፤ የታች መንደር ሰዎች፣ ማለትም ማሽላውን ሲያርሱ የኖሩት የቦታው ባለቤቶች፣ ከቅድመ አያቶቻቸው ጀምሮ የሚጠጡት እሱን ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የላይ ሰፈሮች መመኪያ የሐጂ ኑሩ ጉድጓድ ነበር።

ሐጂ ኑሩ ደሴ ላይ ጨርቅ ሲነግዱ ያረጁ ሰው ናቸው። አያታቸው ከየመን ለንግድ መጥተው፣ ወሎ ላይ አግብተው፣ መመለሱን የረሱ ናቸው። ሐጂ ንግዱን ለልጆቻቸው ትተው፣ አሮጊት እናታቸውን እማማ ሩቂያን ይዘው እኛ ሰፈር ገቡ። እማማ ሩቂያ ሊያርፉ ሲሉ «ኑሩዬ፣ ውሃ አጠጣልኝ» አሉ። ሐጂ ብርጭቆ ይዘው ሲሮጡ መጡ። እናት ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለኔ አይደለም፤ ለሰው አጠጣልኝ» አሉ፤ ያቺው የመጨረሻ ቃላቸው ሆነች።

ሐጂም የእናታቸውን ቃል አከበሩ። መቆፈሪያ መኪና አስመጥተው ግቢያቸው ውስጥ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፈሩ፣ ፓምፕ አስገጠሙ፣ ከዚያም ቧንቧውን በአጥሩ አሾልከው ወደ መንገድ አወጡት። ማንም ይቀዳል፣ ማንም አይከፍልም። ሰደቃ ጃሪያ ይሉታል፤ ሰው ካለፈ በኋላም ምንዳው የማይቋረጥ ምጽዋት ነው። ሐጂ አመሻሽ ላይ በርጩማቸውን ከቧንቧው አጠገብ አድርገው፣ ሰው ሲቀዳ እያዩ ለእናታቸው ዱዓ ያደርጋሉ። በዚያ ሰዓት ፊታቸውን ያየ ሰው ሃይማኖቱ ምንም ይሁን ምን «አሚን» ሳይል አያልፍም።

እኛም በነፃ ውሃ የሚደረገውን ሁሉ አደረግን። መኪና ያለው መኪናውን በየቀኑ አጠበ፣ መኪና የሌለው ፓፓያ ተከለ። እኔ ሙዝ ተከልኩ። መሬት የሚሸጡ ደላሎች «የሐጂ ውሃ ያለበት ሰፈር» እያሉ ሰው አመጡብን፣ የመጣውም ሰው ቤት ሠርቶ ሙዝ ተከለ። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ሲባል እሰማ ነበር፤ ነገሩ የገባኝ ግን ያኔ ነው። ከታች ምንጩ እየሳሳ ሄደ። በመጀመሪያ ጀሪካን ለመሙላት ይፈጅ የነበረው ጊዜ ረዘመ፣ ቀጥሎ ሴቶቹ ተራ ይዘው መቀመጥ ጀመሩ፣ ከዚያ ከብቶቹ ከምንጩ ተከለከሉ። በበጋው መካከል «ምንጩ ከቆመ እኛም ከዚህ እንነቀላለን» የሚል ወሬ ሽቅብ መጣ።

ላይና ታች ብንሆንም ቅሬያችን አንድ ነው። ቅሬ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ ወሎ ላይ ግን እድር ብቻ ብሎ ማለፍ ያሳንሰዋል። ሙስሊሙም ኦርቶዶክሱም አለበት፤ እኛ ጴንጤዎቹም ለቀብራችን እንኳ ሰው ያስፈልገናል ብለን ገብተናል። የቅሬው ዳኛ ጋሽ ይመር ናቸው። ይመር የሚለው ስም ሃይማኖት አይናገርም፤ እሳቸውም ሲጠየቁ «የማን ቀብር ነው ያለው?» ብለው ነገሩን ያልፉታል። ጋሽ ይመር ወሬውን ሰምተው ዝም አላሉም። ከውሃ መሥሪያ ቤት አንዲት ወጣት ባለሙያ አስመጡ። ልጅቷ ምንጩን አየች፣ ጉድጓዱን ለካች፣ ኮረብታውን ወጥታ ወረደች፣ ከዚያም ለቅሬው ሽማግሌዎች እንዲህ አለች፦ «ጉድጓዱና ምንጩ የሚጠጡት ከአንድ ሆድ ነው። እናንተ ከላይ ስትስቡ እነሱ ከታች ይጎድልባቸዋል። ክረምት ላይ ጉድጓዱን አሳርፉት፤ ከኮረብታው የሚወርደውን ጎርፍ ያዙና ወደ መሬት አስገቡት፤ በጋ ላይ በልክ ሳቡ። አለዚያ ምንጩ መጀመሪያ ይደርቃል፣ ጉድጓዱ ደግሞ ይከተለዋል።»

ነገሩ ግልጽ ነበር። ልጅቷ ወደ ሥራዋ ሄደች፤ እኛ ከግልጹ ነገር ጋር ተፋጠን ቀረን። ለሐጂ ማን ይንገራቸው? ለአንድ ሰው «ለሟች እናትዎ የሚሰጡትን ምጽዋት ያቁሙ» ተብሎ በምን አፍ ይነገረዋል?

መጀመሪያ ጋሽ ይመር ሽማግሌዎች አስከትለው ሄዱ። ሐጂ «መርሐባ! መርሐባ! ምነው ቆማችሁ፣ ግቡ እንጂ» ብለው ተቀበሏቸው። ትኩስ ሳምቡሳ መጣ፣ ሻይ መጣ፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ለእያንዳንዳቸው ከጉድጓዱ የተቀዳ ቀዝቃዛ ውሃ በብርጭቆ ቀረበ። ከሳሾቹ የሚከሱትን ጠጥተው ጨረሱት። ጋሽ ይመር ጉሮሯቸውን ጠራርገው «ሐጂ፣ አመጣጣችን ስለ ውሃው ነበር» አሉ።

«አወይ! አነሰ እንዴ?» አሉ ሐጂ ደንግጠው። «ወላሂ ሰው እንደበዛ አይቻለሁ። ሌላ ቧንቧ ላስጨምር እኮ እያሰብኩ ነው።»

«ኧረ በዝቷል ሐጂ! በዝቷል!» አሉ ጋሽ ይመር።

«እንግዲያው ዱዓ አድርጉልኝ።»

ምን ይደረግ! እጅ ተዘረጋ። ጉድጓዱን ሊያዘጉ የሄዱት ሽማግሌዎች ጉድጓዱ እንዳይነጥፍ፣ ውሃው እንዲበረክት፣ አላህ በላዩ ላይ እንዲጨምርበት ለምነው፣ «አሚን» ብለው፣ ፊታቸውን አብሰው ወጡ። የታች መንደር ሰዎች ጉዳያቸው ምን ላይ እንደደረሰ ሲጠይቁ ጋሽ ይመር «ተነጋግረናል» አሉ። ይህን ዓይነት ስህተት ከወሎ ሰው በቀር የሚሠራው ያለ አይመስለኝም።

ሁለተኛው መልእክተኛ እኔ ነበርኩ። ጴንጤዎች ፊት ለፊት ይናገራሉ፣ መምህር ደግሞ ማስረዳት ያውቅበታል ተብሎ። እኔም አመንኩበት። ኮረብታውን፣ ጉድጓዱንና ምንጩን በወረቀት ስዬ፣ ንግግሬን ለባለቤቴ አሰምቼ፣ ካፖርቴን ለብሼ ሄድኩ። ሐጂ ሥዕሉን አዩና «ማሻአላህ፣ ውሃው ከዚህ ሁሉ ጥልቀት ነው የሚመጣው? እናቴ ይህን ባየች!» አሉ። ቀጥለው የእናታቸውን የመጨረሻ ቃል ነገሩኝ፤ ሲነግሩኝ እንባቸው መጣ፤ የሳቸውን ሳይ የኔም መጣ። «እግዚአብሔር ዘመንዎን ይባርክ» ብዬ ተነሳሁ። ባለቤቴ በር ላይ ጠብቃ «ነገርካቸው?» አለችኝ።

«ቴምር ሰጡኝ» አልኳት።

ሳይርቅ በቅርቡ ሳይደርቅ በእርጥቡ ይባላል። እኛ ግን በይሉኝታ ተይዘን ምንጩ እስኪደርቅ ልንጠብቅ ምንም አልቀረንም ነበር። ሰውን እንዳናስቀይም ስንል ሌላውን ሰው በውሃ ጥም ልናስፈልሰው። ስንቱን ነገር ነው በደግነት የምናበላሸው? እስቲ እናንተም የየራሳችሁን አስቡ።

ታሪኩን የቀየረችው እትዬ ሀዋ ናት። እትዬ ሀዋ የታች መንደር ሰው ናት፤ ከምንጩ በታች ባለች ቁራጭ መሬት ጎመንና ቃሪያ አልምታ ኮምቦልቻ ገበያ እየሸጠች ልጆቿን የምታሳድግ። ጎመኑ ሲጠወልግ፣ ምንጩም ለመጠጥ አልበቃ ሲላት፣ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ጀሪካኗን አዝላ ዳገቱን ወጣችና ከኛ ጋር ተሰለፈች። ሐጂ በርጩማቸው ላይ ነበሩ። አዩዋትና ደስ አላቸው።

«አንቺ የታች መንደሯ ልጅ አይደለሽም? ሰደቃው እናንተም ድረስ ደረሰ በይኛ! አልሃምዱሊላህ!»

«ደርሷል ሐጂ» አለች እትዬ ሀዋ። «ከሁሉ በፊት የደረሰው እኛ ጋ ነው።»

«እንዴት ነው ነገሩ?»

«አፉ ይበሉኝና፣ ይህ ውሃ በኛ ምንጭ ይወጣ የነበረ ነው። ጉድጓዱ ከተቆፈረ ወዲህ ምንጫችን ሊቆም ነው። የውሃ ባለሙያዋም አይታ ተናግራለች። እማማ ሩቂያን አላህ ጀነት ያውርሳቸው፣ ክፉ አላየሁባቸውም። እርስዎንም አልወቅስ፤ ለኸይር ብለው ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ፤ የሰው ሐቅ ሰደቃ ይሆናል ወይ?»

ቧንቧው ይንፎለፎላል። ሐጂ ቧንቧውን አዩና «ይህን ነገር ሌላ ሰው ያውቅ ነበር?» አሉ። እትዬ ሀዋ ዞር ብላ እኛን አየችን። እኔ ጀሪካኔን አየሁ። ሐጂ ተነሱ፣ ወደ ግቢያቸው ገቡ፣ ፓምፑ ሲጠፋ ተሰማን፣ ቧንቧው አንድ ሁለት ጊዜ አስነጥሶ ዝም አለ።

በማግስቱ ጧት ምን እንዳየሁ ልንገራችሁ? ያ ስለ ምንጩ ሊናገር ሲሄድ ምላሱ ይተሳሰር የነበረ ሰፈር ሁሉ ከሐጂ በር ላይ ምላሱ ተፈታ። አንዷ የአራስ ልብስ አለብኝ ትላለች፣ አንዱ ድግስ ደርሶብኛል ይላል፣ ሌላው ሙዜ ሊሞት ነው ይላል። ሙዜ ያልኩት እኔ ነኝ። ሐጂ በሩን ከፍተው ወጡና አንድ በአንድ አዩን።

«እናቴን በሰው ሐቅ ቀብሯ ውስጥ አላስጨንቃትም» አሉ። «እናንተ ታውቁ ነበር። እቤቴ መጥታችሁ፣ እጅ ዘርግታችሁ፣ እየመረቃችሁ ዋሻችሁኝ።»

አፈርን። ጋሽ ይመር ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ፤ እኔ የምገባበት ጠፋኝ። ሰው ተሰድቦ ያፍራል፤ መርቆ ማፈርን ግን ያየሁት ያን ዕለት ነው። ሐጂ በሩን ዘጉ፤ የፓምፑ ቁልፍም ከኪሳቸው ሳይወጣ ሰነበተ። ባለሙያዋ እንዳለችውም ምንጩ ከቀን ወደ ቀን እየወፈረ መጣ። ከታች እልል ተባለ፣ ከላይ ደግሞ በፈረቃ በምትመጣዋ ጠብታ ላይ ጠብ ተጀመረ። ጎረቤት ከጎረቤት ሰላምታ ነፈገ።

ጋሽ ይመር ቅሬውን ጠሩ፤ ያለ ቀብር መጠራቱ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ሜዳው ላይ ላይኛውና ታችኛው ፊትና ጀርባ ሆኖ ተቀመጠ። ልጅቷም ከመሥሪያ ቤቷ ተጠርታ መጣች። ሁላችንም የታች መንደር ሰዎች «ጉድጓዱ ይደፈን» ይላሉ ብለን ስንፈራ እትዬ ሀዋ ተነሳች። «ይደፈን ያለ የለም» አለች። «እናንተም እንደኛው ትጠማላችሁ። አብረን እንጠጣው ነው የምንለው።» ከዚያ በኋላ መስማማቱ ቀለለ። ክረምት ላይ ጉድጓዱ ያርፋል፤ ለመጠጥ የከተማው መስመር፣ ለማጠቢያ ከጣራ የሚጠራቀመው ዝናብ ይበቃል። ጅረቱ እስኪጠፋ ድረስ ከብት የሚጠጣው ከሱ ነው። በጋ ላይ ፓምፑ ጧት ጧት ብቻ ይሠራል፤ ምንጩ ሲሳሳ ካዩ የታች መንደር ሰዎች ማስቆም ይችላሉ፣ ቁልፉም አንዱ እትዬ ሀዋ ጋ ይቀመጣል። ሌላ ጉድጓድ በግሉ የሚያስቆፍር ከቅሬ ይወጣል። ከቅሬ መውጣት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለወሎ ሰው አይነገርም፤ ለሌላችሁ፣ ብቻችሁን መሞት ማለት ነው።

የቀረው ኮረብታው ነበር። ጎርፉ የሚያርፍበት፣ ከቁልቁለቱ አግድም የሚቆፈር ቦይ ያስፈልጋል አለች ልጅቷ፤ ብዙ ቦይ። ማን ይቆፍራል ሲባል ጋሽ ይመር ፈገግ አሉ። በቅሬ ደንብ እያንዳንዱ አባወራ ዶማና አካፋ እቤቱ ያስቀምጣል፤ ሰው ሲሞት እሱን ይዞ ይወጣል። «መቆፈሪያችን እኮ ሰው እስኪሞት ቤት ቁጭ ብሎ ነው የሚኖረው» አሉ ጋሽ ይመር። «እስቲ ሰው ሳይሞትም ይውጣ።»

ወጣን። ጡረተኛው፣ የፋብሪካው ፈረቃ ሠራተኛ፣ ሹፌሩ፣ ገበሬው፣ ላይኛውና ታችኛው ተደባልቀን። ሐጂ ኑሩ በሰባ ዓመታቸው አካፋ ተሸክመው ኮረብታውን ሲወጡ ማንም «ይቀመጡ» ለማለት አልደፈረም። የመጀመሪያውን ቦይ እሳቸው ጀመሩትና «ይህ የእናቴ ነው» አሉ። ነገሩ ከዚያ ወዲያ በማንም ቁጥጥር ስር አልሆነም። አንዱ ለሟች ወንድሙ ቆፈረ፣ አንዷ ለባሏ፣ ኦርቶዶክሶቹ «ከተዝካር ይልቅ ይሄ ይሻላል» እየተባባሉ። እኛ ጴንጤዎች ትንሽ ተቸገርን፤ ለሞተ ሰው የምናደርገው የለንም፣ ጉዳዩ ተዘግቷል እንላለንና። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ሲጠየቁ ግን «አፈር መቆፈር ትምህርታችንን አይነካም» አሉ። እኔም ለአባቴ አንድ ቦይ ቆፈርኩ፤ እጄ ላይ ውሃ ቋጠረ፣ ደስም አለኝ።

ክረምት መጣ። ያ በየዓመቱ በሰፈራችን መንገድ ጫማና ጀሪካን እየጠረገ የሚወርደው ጎርፍ ኮረብታው ላይ ተኛ፣ እዚያው ሰረገ። በጋውን ምንጩ ሳሳ እንጂ አልቆመም። ሁሉም ነገር አማረ አልላችሁም፤ ተደብቆ መኪናውን የሚያጥብ አለ፣ ፈረቃውም እንደ ድሮው እንደ ልቡ ነው፣ የኔም ሙዝ ሞቷል። ነገር ግን የእትዬ ሀዋ ጎመን ገበያ ወጥቷል፤ ከታች መንደር የተነቀለ አንድ ቤት የለም። ይህን ያደረገ መንግሥት አይደለም፣ ከውጭ የመጣ እርዳታም አይደለም። ቅሬያችን ነው። ኮራሁ፤ ደግሜ እላለሁ፣ ኮራሁ።

ባለፈው ሰሞን አንድ አዲስ ነጋዴ ከጎናችን ቤት ሠርቶ ገባ። ከጋሽ ይመር ጋር ሐጂ ቤት ተቀምጠን ሳለ ትሁት ሆኖ፣ እጅ ነስቶ ገባ። «ሐጂ፣ አባቴ ካረፈ ትንሽ ጊዜው ነው» አለ። «እርስዎ ለእናትዎ ያደረጉትን ሰምቼ ቀናሁ። እኔም ግቢዬ ውስጥ ለሱ ሰደቃ ጉድጓድ ላስቆፍር ነው። መቆፈሪያ መኪናውን ተነጋግሬያለሁ፤ ዱዓዎን ፈልጌ ነው።»

ጋሽ ይመር እኔን አዩኝ፣ እኔ ጣራውን አየሁ። ሐጂ ግን እጃቸውን አልዘረጉም።

«አላህ ይዘንላቸው» አሉ። «መኪናውን መልሰውና ነገ ጧት አካፋ ይዘህ ኮረብታው ላይ ና። ከእናቴ ጎን ለአባትህ የሚሆን ቦታ አለ።»

ሰውየው ግራ ገባው። «አባቴ እኮ ተቀብሯል ሐጂ።»

«እሳቸውማ ተቀብረዋል» አሉ ሐጂ። «እኛ የምንቀብረው ውሃ ነው።»